ሹራብ ሠሪዋ ያልተነገራት

ስርጉድ የሚለውን ስም ያወጡላት መስማት የማይችሉ ሰዎች ናቸው። በእጅ ቋንቋ ሰው የሚጠራው በምልክት ነውና፣ እሷ ስትስቅ የሚጎደጉደውን ቦታ የራሳቸው ጉንጭ ላይ በጣታቸው ነካ ካደረጉ እሷን ማለታቸው ነው። መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው፤ ማተሚያ ቤት ያሉ ባልደረቦቿም በዚያው ይጠሯታል። ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ለቁም ነገር የፈለጋት ሰው ሁሉ ጉንጩን እየነካ ስለሆነ የጠራት፣ እኛም ስርጉድ እንበላት።

እናትና አባቷ ሁለቱም አይሰሙም ነበር። እሷ ኮሽታ የማያመልጣት ልጅ ሆና ተወለደች። ገና በስድስት ዓመቷ ለቤቱ በሩም፣ ስልኩም፣ ጠበቃውም እሷ ሆነች። አከራይ ሲቆጣ ቁጣውን፣ ሐኪም ሲያዝ ትእዛዙን፣ ጎረቤት ሲያማ ሐሜቱን ሳይቀር በትንንሽ ጣቶቿ ታቀርብ ነበር። ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ እንኳ ስለ ራሷ የተባለውን የምታስተረጉመው ራሷ ነበረች። አንድ ጊዜ መምህሯ «ይቺ ልጅ ለፍላፊ ናት፤ የቤት ሥራ አትሠራም፤ በዚህ ከቀጠለች መድገሟ ነው» ሲሉ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ ለእናቷ «ጎበዝ ናት፣ ዝምተኛ ናት፣ ከዚህ በላይ ምን ይባላል ይላሉ» ብላ አስተረጎመች። እናቷ የመምህሩን ፊት አየች፣ የልጇን እጅ አየች፣ ራሷን ነቅንቃ አመሰገነችና ወጣች። ቤት ሲደርሱ በጥፊ አጮለቻት። ስርጉድ ይህን ታሪክ ካደገች በኋላ ለጓደኞቿ እያወራች ታስቅበት ነበር።

ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላት አባቷ ከሞተ አሥር ዓመት አልፎታል። ማተሚያ ቤት ተቀጥራ ኮምፒዩተር ላይ የሰርግ ካርድ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የመድኃኒት ካርቶን ጽሑፍ ታቀናብራለች። ከኋላዋ የወረቀት መቁረጫው ቀኑን ሙሉ ይወጣል ይወርዳል፤ ልብሷን የቀለም ሽታ አይለቀውም። አለቃዋ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን በሳምንት ሁለቴ «ጋሼ፣ ለአንድ ሰዓት ልውጣ?» ስትለው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ከፍ አድርጎ «ዛሬ ደግሞ የማን ጆሮ ነሽ?» ይላታል። ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከወር ወር እያጠረ መጥቶ ነበር።

የማን ጆሮ እንደሆነች መቁጠሩ ያስቸግራል። ከጎማ ጠጋኙ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር አለ፤ አርባ ያህል አባላት አሉት። ሌላ አንድ አስተርጓሚ ነበራቸው፤ ሩቅ ቦታ ሥራ አግኝቶ ሄደና የውሃ ሽታ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ፖሊስ ጣቢያ የተጠራ፣ ጥርሱን የታመመ፣ ከአሠሪው የተጣላ ሁሉ እናቷ ዘንድ ይመጣል። እናቷ ደግሞ ልጇን ማዋስ ትወዳለች። «ውሰዷት» ትላለች ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ትሪ እንደምታቀርብ ሁሉ። ልጄ ደክሟት ይሆን ብላ የጠየቀችበትን ቀን ስርጉድ አታስታውስም።

እሷም ብትሆን ተገድዳ አልነበረም፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። የሰው ነገር ተቃንቶ ሲያልቅ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል። አንድ ሽማግሌ ልጁ የሞተበትን ቀን ፖሊስ ምን ብሎ እንደመዘገበ ከስንት ዓመት በኋላ በሷ እጅ ሲያውቅ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ስሞላታል። እንዲህ ያለ ነገር ማን ይጠላል? መመስገንም ትወዳለች፤ እሷም ሰው ናት። ግን ደግሞ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ባልደረቦቿ ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስበው ሲወጡ፣ ሰኞ ጠዋት እሷ ያልነበረችበትን ቀልድ እየደጋገሙ ሲስቁ፣ ሆዷ ይባባል። የሰው ጨጓራና የሰው ክርክር የምታውቀውን ያህል፣ የዕድሜ እኩዮቿ ምን ፊልም እንዳዩ አታውቅም።

በዚህ መሀል ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጣ። የማተሚያ ቤቱ መስመር ተቃጥሎ ሊጠግን የመጣ፣ ቀጭን፣ ወሬኛ፣ ኪሱ በብሎን የተሞላ ልጅ ነው። ሥራውን በአንድ ቀን ጨረሰ፤ ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ሙሉ «መስመሩ ደህና ነው?» እያለ ብቅ አለ። ማንም አልተሞኘም። ስርጉድ ሦስት ጊዜ ቀጥራው ሦስት ጊዜ ቀረች፤ አንዱን ቀን ለጥርስ ሐኪም፣ አንዱን ለፖሊስ፣ አንዱን ለውሃ ቆጣሪ ክርክር ብላ።

«አንቺን ለማግኘት የግድ መታመም አለብኝ እንዴ?» አላት በአራተኛው።

ሳቀች፤ ያቺ ጉንጯ ጎደጎደች። የፊታችን ቅዳሜ የማተሚያ ቤቱ ልጆች ሚኒባስ ተከራይተው ሐይቅ ዳር ሊሄዱ ነበር፤ እሱም ተጋብዟል። ሚኒባሱ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ከማተሚያ ቤቱ በር ይነሳል። «ይህን ደግሞ ብቀር ስሜን ቀይሩት» አለቻቸው።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ቀጠሮ ብቻ ነበረባት፤ ሹራብ ሠሪዋን ለእርግዝና ክትትል ይዞ መሄድ።

ሹራብ ሠሪዋ የእናቷ ወዳጅ ናት፤ በዕድሜ ግን ከስርጉድ አሥር ዓመት ብትበልጥ ነው። ትምህርት ቤት የሚባል ደጅ አልረገጠችም፤ ከስሟ ሌላ መጻፍም ማንበብም አትችልም፤ ስልኳም ምስል የማያሳይ፣ ቁልፉ የተፋቀ ነው። መስኮቷ ሥር ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ትሠራለች፤ የሰፈሩ ሕፃን ግማሹ የለበሰው የሷን ሹራብ ነው። ባሏ አናጢ ነው፤ እሱም አይሰማም። ሰባት ዓመት ልጅ አጥተው ኖሩ። «አርግዘሻል» የሚለውን ቃል በእጇ የነገረቻት ስርጉድ ነበረች፤ ያን ቀን ሴትዮዋ ክሊኒኩ በር ላይ አቅፋት ከመሬት አንስታታለች። አሁን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ሐይቅ ዳር ይበርዳል ብላ ለስርጉድ ቀይ ሹራብ ሠርታላት፣ ጠዋት ሲገናኙ በፌስታል ይዛላት መጣች።

ቀጠሮው አራት ሰዓት ነበር። ወረፋው ሲንቀራፈፍ የገቡት ከአምስት ተኩል በኋላ ነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ፤ የሚያወራውም ከወረቀቱ ጋር እንጂ ከሰው ጋር አይመስልም። ግፊቷን ለካ፣ የሽንት ውጤቷን አየ።

«ግፊቷ ከፍ ብሏል። ብዙ አይደለም፤ ግን አልወደድኩትም። ሽንቷም ላይ ትንሽ ነገር አለ። ይሄን ኪኒን ጠዋትና ማታ ትውሰድ፣ ትረፍ፣ በሳምንቱ ትምጣ። ንገሪያት።»

ስርጉድ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለስድስት ሃያ ጉዳይ ይላል።

ሐኪሙ እየጻፈ ቀጠለ። «አሁን የምልሽን ደግሞ በደንብ ንገሪያት። ራሷን ካመማት፣ ዓይኗ ብዥ ካለባት፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ እዚህ ጋ ከጎድን አጥንቷ ሥር ከወጋት፣ ቀጠሮ አትጠብቅ። በዚያው ሰዓት ትምጣ። ያልፍልኛል ብላ እንዳትተኛ።»

ቃል በቃል ሰምታዋለች። እጇም ተነስቶ ነበር። በዚያው ቅጽበት በሩ ተከፈተ፤ ቀጣዩ ታማሚ አንገቱን አስገባ፤ ሐኪሙ «ግቡ» አለ፤ ሹራብ ሠሪዋ ወገቧን ይዛ ብድግ አለች። ስልኩ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ስርጉድ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ኮሪደሩ ላይ በአንድ እጇ ፌስታሉን፣ በአንድ እጇ መድኃኒቱን ይዛ ስትገሰግስ ሹራብ ሠሪዋ እጅጌዋን ጎተተቻት።

«ብዙ አወራ። ምን አለ?»

ስርጉድ ዕቃውን ወደ አንድ እጇ አዛወረችና በቀረው እጇ መለሰች። «ምክር ነው። ተጠንቀቂ፣ ዕረፊ ነው። ነገ መጥቼ ዝርዝሩን እነግርሻለሁ።»

እንግዲህ ይህችን መልስ እንደ ቀላል ነገር የሚያይ፣ መስማት በማይችል ሰው ቤት ያላደገ ነው። ሰው ተሰብስቦ ይስቃል፤ የማይሰማው ምን ተባለ ብሎ ይጠይቃል፤ «ተወው፣ ምንም አይደል፣ በኋላ እነግርሃለሁ» ይሉታል። ያ በኋላ የሚባል ጊዜ መጥቶ አያውቅም። ስርጉድ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ እናቷ በዚህ ምክንያት ዘመድ ቤት ከተጠራችበት ግብዣ ተነስታ ስትወጣ ስንቴ አይታለች። ይህን የመሰለ መልስ የሚሰጥ ሰው ስታይ ደሟ ይፈላ ነበር። የዚያን ቀን ራሷ ሰጠችው፤ መስጠቷንም አላወቀችውም።

ሹራብ ሠሪዋ አንድ አፍታ አየቻት። ከዚያ ፈገግ ብላ «ሂጂ፣ ይጠብቁሻል» አለቻት።

ሐይቁ ደስ ይል ነበር፤ ለምን ይዋሻል። ጀልባ ተሳፈሩ፣ ውሃ ተረጫጩ፣ ዘፈኑ። የወረቀት መቁረጫውን የሚሠራው ሰውዬ ከነሱሪው ውሃ ውስጥ ወደቀ። ቀዩ ሹራብ ልክ ሆነላት። ሲመለሱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሁለት እጇን ያዘ፤ እጇ ሲያዝ ዝም በይ የተባለች ያህል ነው የሚሰማት፤ ያን ቀን ግን ዝም ማለቱን ወደደችው።

እሑድ ፀሐይ ያቃጠለው ትከሻዋን ይዛ ተኝታ ዋለች። ነገሩ ትዝ ብሏታል። ሰኞ ከሥራ ስወጣ እሄዳለሁ አለች፤ ሰኞ አስቸኳይ የካርድ ሥራ መጣ። ማክሰኞ ልጁ ከሥራ በር ላይ ጠበቃትና በእግራቸው ረጅሙን መንገድ ዞረው ሄዱ። ሐኪሙ የተናገረው ለክፉ ቀን የሚሆን ነገር ነው፤ ክፉ ቀን ደግሞ በዚህ ሳምንት የሚመጣ አልመሰላትም።

ረቡዕ አመሻሹ ላይ ቤት ስትገባ እናቷ ልብስ እያጠፈች ነበር። «ሹራብ ሠሪዋን አየኋት» አለቻት እየሳቀች። «ፊቷ እንዴት እንደተነፋፋ ብታዪ! ዓይኗ ሊጠፋ ነው። ከትናንት ጀምሮ ራሴን ይወቅረኛል ብላ ሻሽ አስራ ነው የምትሠራው። እኔም አንቺን ሳረግዝ እንደዚያ ነበርኩ።»

ስርጉድ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እናቷ «ምን ሆንሽ?» ብላ እጇን ስታነሳ እሷ ደጁን አልፋ ነበር።

ሮጠች። የሹራብ ሠሪዋ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መስኮቱ ሥር ክሩ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ጎረቤቷ፣ አንዲት ጠና ያሉ ሴት፣ ደረታቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ቆመዋል።

«አይ ልጄ! አንቀጠቀጣት፣ አረፋ ደፈቀች። ባልየው ሲጮህ ነው የሰማነው። ምን እንደሚል ማን ያውቃል፤ እየጮኸ ይጎትተናል። ወሰዷት፤ አሁን ነው የወሰዷት።»

ሆስፒታል ስትደርስ አናጢው እንጨት ብናኝ በተነሰነሰበት የሥራ ልብሱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ያለፈ ያገደመውን ነጭ ጋዋን ሁሉ በዓይኑ ይከተላል። ሲያያት ፊቱ በራ፤ ይህንን ነው እሷ እስከ ዛሬ መርሳት ያልቻለችው። አንዲት ነርስ ወጣች፣ ሁለቱን አየችና ለስርጉድ «ንገሪው» አለቻት።

ነገረችው። «ሚስትህ ተርፋለች። ልጅቷ ግን ሞታለች።»

«ለምን?» አለ።

«አላውቅም» አለችው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ከሁሉ የከፉ ነበሩ። ስርጉድ በየቀኑ ከሥራ ወጥታ ሹራብ ሠሪዋ ቤት ትሄዳለች። ትጠርጋለች፣ ታጥባለች፣ ሾርባ ትሠራለች፣ መድኃኒቱን ሰዓቱን ጠብቃ ትሰጣታለች። ሴትዮዋ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች፤ ዓይኗን ከእጅ ያዞረች መስማት የማትችል ሴት ጋ ምንም ቃል አይደርስም። የማኅበሩ ሰዎች ሊጠይቁ ሲመጡ ስርጉድን መጥረጊያ ይዛ ያገኟታል። «እንዳንቺ ያለ ልጅ ከየት ይገኛል» ይሏታል፤ ጎረቤትየዋም «እጅሽ ይባረክ» እያሉ ይመርቋታል። ምርቃቱ ሁሉ ፊቷ ላይ እንደሚደፋ የፈላ ውሃ ነበር፤ ቢሆንም «አሜን» ትላለች። ሌላ ምን ትበል?

ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ብቻ ነገረችው። ሥራ ቦታው ድረስ ሄዳ፣ መሰላሉ ሥር ቆማ።

«አንቺ ሐኪም አይደለሽ፣ ተቀጣሪ አይደለሽ» አላት፤ ከልቡ አዝኖላት። «በነፃ ነው የምትሠሪው። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ እንደ ሰው ልኑር ብትይ ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው?»

አንድም የተሳሳተ ነገር አልተናገረም። ሁሉንም እሷ ራሷ አስባዋለች። ግን እሱ ሲለው እጅ እግር የሌለው ነገር ሆነባት፤ አመስግናው ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሲደውል ስልኩን ታየዋለች እንጂ አታነሳም።

ሹራብ ሠሪዋ ለክትትል የምትመለስበት ቀን ደረሰ። አርብ ነበር። ስርጉድ የቀኑን ሙሉ ፈቃድ ጠየቀች፤ አለቃዋ መነጽሩን አላነሳም፣ «ሂጂ» ብቻ አላት። አናጢው ሥራ ገብቷል። ሁለቱ ሴቶች ያንኑ ወረፋ ጠብቀው ያችኑ ክፍል ገቡ። ያው ሐኪም ነው።

ግፊቷን ለካ። «ወርዷል፤ ጥሩ ነው» አለ። ስርጉድ አስተረጎመች። መዝገቡን ገለባበጠና ግንባሩን ቋጠረ።

«ራስ ምታቱ የጀመራት መቼ ነው?»

«ማክሰኞ ጠዋት» አለች ሹራብ ሠሪዋ፤ ስርጉድ በድምፅ ደገመችው።

«ማክሰኞ? የገባችው እኮ ረቡዕ ነው! ራሷን ካመማት በዚያው ሰዓት ትምጣ ብዬ አልነበረም እንዴ? እዚሁ ወንበር ላይ። አልተነገራትም?»

ሐኪሙ ብዕሩን ይዞ ወረቀቱን ያያል። የጠረጠረው ነገር የለም። ሹራብ ሠሪዋ የስርጉድን እጅ ትጠብቃለች። በዚህ ዓለም ላይ ሁለቱንም ወገን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። «ምግብ በደንብ ትበያለሽ ወይ ይላል» ብትላት ሴትዮዋ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ሐኪሙ የተነቀነቀውን ራስ አይቶ ይጽፋል፤ ነገሩ እዚያው ይቀበራል። እንዲያ ለማድረግ እጇ ሊነሳ ምንም አልቀረውም ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትጠርግና ስታጥብ የኖረችው ይህን ጥያቄ ሽሽት እንደነበር ያኔ ገባት።

እጇን አነሳች። «ራሷን ካመማት በዚያው ሰዓት ትምጣ ብዬ አልነበረም ወይ ይላል። አልተነገራትም ወይ ይላል።» ቀጠለችና «ብሏል። ያን ቀን ብሏል። እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ። ቸኩዬ ነበር» አለች።

ሹራብ ሠሪዋ አልደነገጠችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በተኛችባቸው ቀናት ያችን ቅዳሜ ስታመላልሳት ነበር የከረመችው። የሐኪሙ ከንፈር ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ፣ የስርጉድ እጅ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ታውቃለች። ልዩነቱን የነገራት ሰው አልነበረም፤ ዓይኗ ነግሯታል።

«ምን አለች?» አለ ሐኪሙ።

ሴትዮዋ እጆቿን ዝቅ አድርጋ፣ ባዶ ሆዷ አጠገብ፣ በትንንሹ ተናገረች። «ተነግሮኝ ነበር፣ ረሳሁት በዪው።»

«አልልም» አለቻት ስርጉድ።

«በዪ። ቃሌ ነው። የኔን ቃል ደግሞ ልታስቀሪብኝ ነው?»

ስርጉድ ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ተነግሮኝ ነበር፤ ረሳሁት ትላለች።»

ሐኪሙ ብዕሩን ወረወረው። ደህና ሰው ነው፤ ልጅቷ በዚያ ሳምንት ከሞቱበት ሕፃናት ሦስተኛዋ ስለነበረች ነው ቁጣው። «ይረሳል? ይሄ ይረሳል? ሰባት ዓመት ጠበቀች ይላል እዚህ ጋ! ሰባት ዓመት የጠበቀች ሴት ይሄን ትረሳለች? እኛ የምንናገረው አፋችንን በልቶን ነው? እናት ልትሆን የመጣች ሴት ለራሷ ነፍስ እንኳ አትሳሳም?» እያንዳንዱን ቃል ስርጉድ በእጇ አደረሰች። ማለስለስ አልፈለገችም፤ ፊቷን እንኳ እንደ ሐኪሙ ቋጠረች፤ በእጅ ቋንቋ ቁጣ ያለ ፊት ቁጣ አይሆንምና። ሹራብ ሠሪዋ የሷ ያልሆነውን ወቀሳ ዓይኗን ሳትነቅል ተቀበለች።

በመጨረሻ ደከመው። ስለ ጡቷ የምታደርገውን ነግሮ ወረቀቱን ፈረመና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄን አትንገሪያት፤ ለአንቺ ነው የምልሽ። ማክሰኞ ብትመጣ ኖሮ ልጅቷን እናወጣት ነበር። ትንሽ ብትሆንም ትተርፍ ነበር ብዬ ነው የማስበው። በቃ ተያት፤ ማወቋ ምን ያደርግላታል።»

ሹራብ ሠሪዋ ከንፈሩን አየች፤ ወደ ስርጉድ እጅ ዞረች።

ሐኪሙ ተያት ብሏታል። ስርጉድም አንጀቷ የሚላት ያንኑ ነው፤ ዝም ማለት የዚያን ሰዓት ደግነት ይመስል ነበር። «ይሄን አትንገሪያት አለ» ብላ ጀመረች። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ማክሰኞን፣ ትንሽነቷን፣ ትተርፍ እንደነበር።

ኮሪደሩ ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ስርጉድ ፊት ለፊቷ ዝቅ ብላ «ለምን እውነቱን አላልሽውም?» አለቻት።

«ብለው ምን ይሆናል? ያስወጣሻል። እናትሽ ታፍራለች። አንቺም ፈርተሽ ሁለተኛ አትመጪም። ሰኞ ባሌ የሥራ ውል ይፈርማል። ማን ያነብለታል? ከአንቺ ሌላ ማን አለን?» ቆም አለችና «ይቅር ብዬሽ አይደለም። ይቅርታውን ገና አላሰብኩበትም። ለባሌ እኔ ነኝ የምነግረው፤ መቼ እንደሆነም እኔ አውቃለሁ» አለቻት።

«እሺ።»

«ቅዳሜሽን ከጓደኞችሽ ጋር ሂጂ። ወጣት ነሽ፤ እኔም ሂጂ ብዬሻለሁ። አልችልም ካልሽ አልችልም በዪኝ፤ ሌላ ቀን እንሄዳለን። የመጣሽ ቀን ግን ከሰውየው አፍ የወጣውን ሁሉ ስጪኝ። ይሄ ይጠቅማታል፣ ይሄ ይጎዳታል ብለሽ አትምረጪልኝ።»

ስርጉድ ራሷን ነቀነቀች። እንድትመታት ፈልጋ ነበር፤ ያገኘችው ግን የሰኞ ቀጠሮ ነው። የዚያን አርብ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጥቅጦ ይሆን አይሁን አታውቅም።

የሹራብ ሠሪዋ ሸሚዝ ደረቱ ላይ ርሶ ነበር። ቀና ብላ «ስለ ወተቱ ያለውን ድገሚልኝ» አለች። «እዚያ ውስጥ ልቤ አልነበረም።»

ስርጉድ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። በሁለት እጇ፣ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ ነገረቻት። ደረቷን ደገፍ የሚያደርግ የሚመች ልብስ ትልበስ። ሲያማት በቀዝቃዛ ጨርቅ ትያዘው። እንዳታልበው፤ ከታለበ ይጨምራል። ከቀላ፣ ከጠጠረ፣ ትኩሳት ካላት በዚያው ሰዓት ትምጣ። ሰውነቷ ልጅ የወለደ እንጂ ልጅ ያጣ መሆኑን አያውቅም፤ ስለዚህ አንድ ሳምንት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ መምጣቱ አይቀርም፤ ከዚያ ይደርቃል።

ሹራብ ሠሪዋ በትክክል መያዟን ለማረጋገጥ እየደጋገመች በራሷ እጅ መለሰችላት። ጨርቁን፣ ትኩሳቱን፣ ሳምንቱን። «ይደርቃል» ከሚለው ላይ ስትደርስ እጇ አየር ላይ ቀረ። አፏን ከፈተችና ራሷ የማትሰማውን ጩኸት ጮኸች፤ ረጅም፣ ቅርጽ የሌለው፣ ከሆዷ ሥር የወጣ። ወረፋ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ፤ ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ወጣ። አርባው የማኅበሩ ሰው ሊሰማው የማይችለውን ያን ድምፅ ስርጉድ ሰማችው፤ ይህንን ግን ማንም አስተርጉሚልን አላላትም።